ከለቅሶ ቤት ጀርባ የተመታ መዶሻ

ባሌ ሕዝቅያስ መዶሻውን የመታው አንዴ ብቻ ነው። ድምፁ ከመኪናዋ ሆድ ሥር ተነስቶ፣ የቆርቆሮውን አጥር ነቅንቆ፣ ግቢው በር ላይ ወደተተከለው ድንኳን ሲደርስ ውስጥ የነበረው ለቅሶ ቀጥ አለ። ራዲዮ ሲዘጋ እንደሚሆነው። እኔ ጭልፋ ይዤ በራችን ላይ ቆሜ ነበር፤ የምገባበት ጠፋኝ። ወዲያው ኦቦ ጉታ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ እየመለሱ ከድንኳኑ ወጡ። ሳይሮጡ፣ ሳይቆጡ፣ የጓሮውን ጭቃ እየመረጡ እየረገጡ መጡና፣ ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ ወደሚታየው የባሌ እግር ጎንበስ ብለው፣ «ሕዝቅያስ፣ ልጄ፣ ዛሬ እዚህ ግቢ ብረት አይመታም» አሉት። ዞረው ሄዱ። ቢሰድቡን ይሻለኝ ነበር።

ግቢው የአከራያችን የአዴ ጥሩዬ ነው። ሰበታ ውስጥ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከፊት የእሳቸው የጭቃ ቤት አለ፤ ከኋላ ደግሞ እንደኛ ከደቡብ ለፋብሪካ ሥራ ለመጣ ሰው የሚያከራዩዋቸው፣ በአንድ ጣሪያ ሥር የተደረደሩ ክፍሎች አሉ። ድሮ እስከ ወንዙ ድረስ ጤፍ የሚዘሩበት የባላቸው መሬት ነበር ይላሉ፤ አሁን ከአጥሩ ማዶ የሚታየው የፋብሪካ ግንብ ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ኦቦ ጉታ የባላቸው ታላቅ ወንድም ናቸው። ድንኳኑ የተተከለው ለዱቤ ነው፤ ለአዴ ጥሩዬ አንድያ ልጅ። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ቀርቷል ከተባለ ወራት አልፈው ነበር፤ ሰልፉና ተኩሱ ግን አልቀረም። በዚያ ሳምንት መንገዱ በጎማ ጭስ ጠቁሮ፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ሳለ ዱቤ «አሁን እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ፤ በቃሬዛ አመጡት። ስለ አሟሟቱ ከዚህ በላይ የማውቀው የለም፤ የሚያውቁትም አይናገሩም። መዶሻው ከመመታቱ በፊት ባለው ቀን ቀብረነው ነበር።

ለቅሶ ባለበት ሰፈር ሙቀጫ አይወቀጥም፤ እንጨት አይፈለጥም፤ ቴሌቪዥኑም ድምፁ ይቀነሳል። በርበሬ መውቀጥ ያለባት ሴት ተሸክማ ሌላ ሰፈር ትሄዳለች እንጂ እዚያው ዘነዘና አታነሳም። ብረት መምታትማ ጭራሽ አይታሰብም። ይሄን ለማወቅ የሰበታ ተወላጅ መሆን አያስፈልግም፤ እኛም አገር ዲላ ቢሆን ያው ነው። ባሌም ያውቃል። እያወቀ ነው የመታው፤ ምክንያቱም ልጃችን ሆለታ ነበር።

እዚህ ላይ የባሌን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ይቅር ይበለኝ። ሰበታ መታመስ ስትጀምር «እዚህ ሊብስ ነው» አለና ኤልቃናን፣ ገና የወተት ጥርሱ ያልተነቃነቀ ልጄን፣ ለግቢው ሰው እንኳ ሳይነግር ሆለታ የራሱ እህት ኤዶም ጋ ወስዶ አስቀመጠው። እኔ ልጅ ከእናቱ አይለይም፣ የመጣው ይምጣ አብረን እንየው ብዬ ለምኜዋለሁ። ሕዝቅያስ ፋብሪካ ውስጥ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ቧንቧ ሲፈነዳ መጀመሪያ ሮጦ ዋናውን ይዘጋል፣ ከዚያ ነው የሚያስበው። ልጄንም እንደዚያ ነው ያደረገው። ከዚያስ? ሰበታ ሳትበርድ ሆለታም ጋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገርኩትም። ምግብ አቀርባለሁ፣ ልብሱን አጥባለሁ፣ አፌን ግን አልከፍትለትም። አልጋና ቡፌ ብቻ በያዘች አንዲት ክፍል ውስጥ ተኳርፎ መኖር ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንዱ ካልተቀመጠ ሌላው አያልፍም። ጎን ለጎን እየታከክን፣ ሳንነጋገር፣ ሁለታችንም ሌሊቱን ስለ አንድ ልጅ እያሰብን ነበር የምናድረው።

ያን ቀን ጠዋት ኤዶም ደወለች። የምትሠራበት የአበባ እርሻ ተዘግቷል፤ ከእኛ አገር የመጡት ሠራተኞች በሙሉ አይሱዙ ተከራይተው በዚያው ምሽት ወደ ዲላ ሊሄዱ ነው። «ኤልሲዬ፣ ከመጨለሙ በፊት ከመጣችሁ ሁለታችንም ከእናንተ ጋር እንሄዳለን። ካልመጣችሁ ግን ይዤው እሳፈራለሁ። ሰፈሩ ባዶ ሊሆን ነው፤ ብቻዬን እዚህ ልጅ ይዤ ማደር አልችልም» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። ግን የሻሸመኔ መንገድ በዚያ ሳምንት ምን እንደነበር የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ መኪና እንደ ደመራ ይነድ ነበር። ልጄ በክፍት መኪና ላይ፣ በጨለማ፣ በዚያ መንገድ! ስልኩን ዘግቼ ለሕዝቅያስ አልነገርኩትም፤ ስልኩን ብቻ ሰጠሁት፤ ራሱ መልሶ ደወለላት። ፊቱን አየሁት። «በመናገሻ ጀርባ በጠጠሩ መንገድ እሄዳለሁ» አለ፤ ለግድግዳው የሚናገር ይመስል።

ታክሲ የለም፣ ባጃጅ የለም፤ ያለችው የእኛው አሮጌ ኮሮላ ናት። እሷም ብትሆን በባሌ እጅ ቧንቧ ሆናለች። ባለፈው ዓመት ዘይቷን ራሴ እለውጣለሁ ብሎ ከሥሯ ገባ። ያረጀውን ዘይት አፍስሶ፣ የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን ሲመልሰው ጠብ ጠብ አለበት። መካኒክ ቢሆን ከቡሎኑ ሥር ያለችውን ቀለበት፣ ራንዴላውን፣ ይቀይር ነበር። ሕዝቅያስ ግን ቧንቧ ሲያስር እንደለመደው የቡሎኑ ጥርስ ላይ ቃጫ ጠመጠመ፤ ቃጫው ላይ ቀይ ቀለም ቀባ፤ ከዚያ በረጅም ቁልፍ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ አጠበቀው። ሲወጣ እንዴት እንደኮራ! «ከእንግዲህ ጠብ አትልም» አለኝ። ቃጫውና ቀለሙ በሞተሩ ሙቀት ተጋግሮ ቡሎኑን እንደ ሲሚንቶ ያዘው። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ መልሳ ማንጠባጠብ ጀመረች። አዲስ ቡሎንና አንድ ጋሎን ዘይት ገዝቶ ከአልጋው ሥር አስቀመጠና «እሑድ» አለ። የወንድ እሑድ መቼም አይታወቅም። ስንት እሑድ በመዘምራን ልምምድ አለፈ።

ያን ቀን ጠዋት ታዲያ ከሥሯ የዘይት ኩሬ አገኘ። መጀመሪያ ሊያጠብቀው ሞከረ፤ አልሆነም። ሊያወጣው ሲሞክር ቡሎኑ ፀጉር ታህል ዞረና ቁልፉ ተንሸራተተ። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ ተንሸራተተ። የቡሎኑ ጠርዝ ሁሉ ተበላና ጭንቅላቱ ክብ ሆነ። ፒንሳ ቢያመጣ ፒንሳው ይዞረዋል እንጂ አይይዘውም። አሁን ወይ አይወጣም ወይ አይገባም፤ ዘይቱ ግን እንደ ክር እየወረደ ነው። እንዲህ ሆና ብትነሳ መናገሻ ሳትደርስ ዘይቷ ያልቃል፣ ሞተሯ ነክሶ ይቆማል። በዚያ ሳምንት መንገድ ላይ የቆመች መኪና ደግሞ ባለቤት የላትም። ጭንቅላቱ ላይ ዳዶ በይዶ እንዳያዞረው መብራት የለም፣ በያጁም ዘግቶ ሄዷል። ገፍተን ሌላ ሰፈር እንዳንወስዳት በሩ በድንኳን ተይዟል። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ መሮ ጠርዙ ላይ ደግኖ በመዶሻ እየመቱ ማዞር። እሱን ነው አንዴ መትቶ የተከለከለው።

ኦቦ ጉታ ከሄዱ በኋላ ከመኪናዋ ሥር ወጣና አየኝ። ግንባሩ ዘይት፣ አገጩ ዘይት።  ገብቼ አሮጌ ቀሚሴን አወጣሁ፣ ቀደድኩት፣ እግሩ ሥር ጣልኩለት። ገባው። መዶሻውን በጨርቁ ጠቅልሎ ተመልሶ ገባ። ዱብ፣ ዱብ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ፍራሽ ሲመታ ዓይነት። ትንሽ ቆይቶ ያም ቆመ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። መሮው አልነከሰም፤ ጨርቅ የለበሰ መዶሻ ቡሎን አይፈታም። ሕዝቅያስ መዶሻውን ደረቱ ላይ አስተኝቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ይጸልያል። ንድድ አለኝ። ተነስና ምታ፣ ሰው ምን ይለኛል ብለህ ልጄን ልታስበላ ነው ወይ ልለው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ እኔ ብሆንስ ብዬ አሰብኩ። እኔም አልመታም።

የማንም ለቅሶ ቢሆን አንመታም፤ የዱቤ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ዱቤ ማለት እዚህ ግቢ ከገባን ጀምሮ ልጄን ትከሻው ላይ ይዞ የሚዞር ልጅ ነው። ከሥራ ስመለስ ኤልቃናን ከቤታችን አላገኘውም፤ አዴ ጥሩዬ ቤት ከዱቤ ሳህን ሲበላ ነው የማገኘው። ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ እያለ መቁጠር ያስተማረው እሱ ነው። ልጄ ውሃ ሲጠማው እኔን እንኳ «ቢሻን» ብሎ ነው የሚጠይቀኝ። «ይሄማ የእኛ ነው፤ ስትሄዱ ጥላችሁት ትሄዳላችሁ» ይለኝ ነበር ዱቤ እየሳቀ። እናቱ በቀበሩት ማግስት እኛ ከጓሯቸው ብረት ልናንቋቋ!

ሴት ነኝና ድንኳን መቀመጥ አለብኝ፤ ብቀር ደግሞ ሌላ ነውር ነው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ገባሁና ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። እኛ ጴንጤዎች ሙሾ አናወርድም፤ ደረት አንመታም። በቤተ ክርስቲያናችን ተስፋ እንደሌላቸው አትዘኑ ይባላል። ስለዚህ ከቀብሩ ጀምሮ እንባዬን በነጠላ ጫፍ እየጠረግኩ ዝም ብዬ ነበር የምቀመጠው፤ የሰፈሩ ሴቶችም ያውቁኛል፣ አይፈርዱብኝም። አዴ ጥሩዬ መሬት ላይ ምንጣፍ ላይ ነበሩ። ፀጉራቸውን ተላጭተዋል፣ ድምፃቸው ተዘግቷል። የግቢው ልጆች አንድ በአንድ እየገቡ ጉልበታቸውን ይስማሉ፤ እሳቸውም የእያንዳንዱን ራስ ይነካሉ። ሁሉም ሲጨርሱ ቀና ብለው ወደ በሩ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«የኤልቃና እናት፣ ልጅሽ የት ሄዶ ነው? የዱቤ ጓደኛ አልመጣም እኮ።»

ተኝቷል ልላቸው አስቤ ነበር። ልጁን ትናንት ለቀበረ ሰው ልጄ ናፈቀኝ፣ ልጄ ቸገረኝ ተብሎ ይነገራል? ግን ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነው፤ ምን ይዋጠኝ። «ሆለታ አክስቱ ጋ ነው፣ አዴ» አልኳቸው።

«ሆለታ? በዚህ ቀን?»

«አባቱ ነው የወሰደው። ዛሬ ማምጣት ነበረብን። አክስቱ ማታ ወደ ዲላ ልትሄድ ነው፤ ካልደረስንላት ይዛው ትሄዳለች፣ በሻሸመኔ።»

ድንኳኑ ውስጥ ሻሸመኔ የሚለውን የሰሙት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። አዴ ጥሩዬ ግን አልመጠጡም። «ታዲያ መኪና አላችሁ አይደል? ባልሽ እዚህ ምን ይሠራል?» አሉኝ፤ ቁጣ የሚመስል ነገር ድምፃቸው ውስጥ ነበር።

«ቡሎኗ እምቢ ብሎት ነው። ያለ መዶሻ አይወጣም።»

 ኦቦ ጉታ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የከዘራቸውን ጫፍ ያያሉ። «ቅድም የሰማነው እሱ ነው?» አሉ አዴ ጥሩዬ።

«እሱ ነው፣ አዴ። ይቅር ይበሉን። ሁለተኛ አይመታም።»

ወደ ኦቦ ጉታ ዞሩና በኦሮምኛ «ሃ ሩኩቱ» አሉ። ይምታ ማለታቸው ነው። ኦቦ ጉታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥሩዬ፣ ሰው ምን ይላል? ልጁ አፈሩ ሳይደርቅ…» ብለው ሳይጨርሱ አቋረጧቸው። በሕይወቴ አዴ ጥሩዬ የባላቸውን ታላቅ ሲያቋርጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «የእኔ መንገድ ላይ ቀረ» አሉ። «የእሷ መንገድ ላይ ሲቀር እዚህ ተቀምጬ ልስማ ነው የምትለኝ? ዱቤ ቢኖር አንተን ያስፈቅድ ነበር? ሄዶ መዶሻውን ራሱ ይይዝለት ነበር እንጂ።» ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «እናንተ ደግሞ አልቅሱልኝ። ድምፃችሁን አውጥታችሁ አልቅሱ። መዶሻው ለብቻው አይሰማ።»

ኦቦ ጉታ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። በድንኳኑ ቅዳጅ አየኋቸው፤ እንደ ቅድሙ ጭቃውን እየመረጡ ወደ ጓሮ ሄዱና ወደ ባሌ እግር ጎንበስ አሉ። ያሉትን አልሰማሁም። በኋላ ነገረኝ፤ «ምታ፣ ልጄ፤ እናቱ ምታ ብላለች» ነበር ያሉት።

መዶሻው ሲጀምር አስለቃሿ ተነሳች። የዱቤን ስም ጠርታ፣ ትከሻውን፣ ሳቁን፣ ለማን ምን እንደተሸከመ እየዘረዘረች አወረደችው፤ ሴቶቹ ተቀበሏት። ከጓሮ ቋ ይላል፤ ከድንኳኑ ዋይ ይላል። መጀመሪያ የመዶሻው ድምፅ ለብቻው ይወጋኝ ነበር፤ ቆይቶ አንዱ ከሌላው አልለይ አለኝ። አስለቃሿ «ልጆቹን ለማን ጥለሃቸው፣ ትከሻህ ላይ ያደጉትን» ስትል እጄ ደረቴ ላይ ሲያርፍ አላወቅኩም። «ዱቤ! ወንድሜ ዱቤ!» ብዬ ጮህኩ። እናቴን ስቀብር እንኳ እንዲህ አልጮህኩም። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ቢያዩኝ ይገሥጹኝ ነበር፤ ይገሥጹኝ። ለልጄ ይሁን ለእሱ፣ ለፍርሃቴ ይሁን ለውለታቸው፣ ለየትኛው እንደማለቅስ ለይቼ አላውቀውም። ከማልቀስ በቀር ምን ልክፈላቸው እችል ነበር? ቀና ስል አዴ ጥሩዬ በተዘጋ ድምፃቸው እኔን እያዩ አብረውኝ ያለቅሱ ነበር።

መዶሻው ሲቆም ሮጬ ወጣሁ። ሕዝቅያስ እስከ ክንዱ ጥቁር ሆኖ ከመኪናዋ ሥር ወጥቷል። ቡሎኑ መዳፉ ላይ ነው፤ ጎኑ ተፈነካክቷል፣ ጥርሱ ላይ ያ ቀይ ቀለሙና ቃጫው እንደ ደረቀ ሥጋ ተጣብቆበታል። አሮጌው ዘይት ወደ ሳፋው እየወረደ ነበር። አዲሱን ቡሎን ከአልጋው ሥር አምጥቼ አቀበልኩት። እሱ ደግሞ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እጁ በልማድ ወደ መሣሪያ ሳጥኑ ሄዶ የቃጫውን ጥቅል አወጣ።

«ሕዝቅያስ! ያን ቃጫ ነክተህ እንዳላይህ» አልኩት።

ደነገጠ። ከስንት ቀን በኋላ ያናገርኩት ቃል ይሄው ነው። ቃጫውን መልሶ ጣለና አየኝ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ከንፈሩ ግን ሊስቅ ነበር። «እሺ» አለ። እኔም የአዲሱን ቡሎን ራንዴላ ጠርጌ ሰጠሁት። ቡሎኑን በጣቱ፣ ከዚያ በቁልፍ፣ እንደ ሰው አስገባው። ዘይቱን ስንሞላ ጋሎኑን አብረን ያዝን።

ለመውጣት ድንኳኑ አለ። እንዴት ይሆናል ብዬ ሳልጠይቅ ወንዶቹ ተነሱ። አግዳሚዎቹን ወደ ግድግዳው አስጠጉ፣ ካስማውን ነቀሉ፣ ሸራውን በአንድ ወገን በትከሻቸው ከፍ አድርገው ያዙት። ኮሮላዋ በለቅሶው መሃል፣ ከምንጣፉ ዳር፣ ቀስ ብላ አለፈች። ሕዝቅያስ አንገቱን እንደ ደፋ ነበር። በሩ ላይ ስትደርስ ኦቦ ጉታ የፊቱን በር ከፍተው ገቡ። ሐዘን ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ድንኳን ጥሎ መኪና አይሳፈርም። ባሌ «ኦቦ፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ» ቢላቸው «ንዳ» አሉት። እጃቸው ላይ ለሰላም ልመና የሚያዝ፣ ከአጥሩ ሥር የነጩት እርጥብ ሣር ነበር። አንዱ ወጣት ደግሞ መንገድ የዘጉት እንዲያሳልፏቸው የባሕር ዛፍ ቅጠል ሰብሮ መስታወቱ ላይ ሰካላቸው።

እኔ ድንኳን ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ከሰዓት እንዴት እንደዋለ አልነግራችሁም፤ የጠበቀ ያውቀዋል። ንፍሮ ዞረ፤ ቆንጥሬ ያዝኩት እንጂ አልበላሁትም። ሴቶቹ ስለ ስኳር መጥፋት፣ ሽንኩርት የት እንደሚገኝ በሹክሹክታ አወሩ። የኤዶም ስልክ አልሠራ አለ፤ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚደውልበት ሰዓት ነበር። አዴ ጥሩዬ ከምንጣፋቸው ጠቅሰው ጠሩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እጄን ያዙኝ።  ከዱቤ ጋር ያልተጠናቀቀ ነገር ያላቸው ይመስል አልፎ አልፎ ለራሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እጃቸው ደረቅና ሙቅ ነው፤ አልለቀቀኝም። እኔ ነበርኩ ማጽናናት የነበረብኝ።

መንገዱን በኋላ ሕዝቅያስ ነው የነገረኝ። ድንጋይ የተደረደረበት ቦታ በደረሱ ቁጥር ወጣቶቹ ዱላ ይዘው ይከቧቸዋል። ኦቦ ጉታ ሣሩን ይዘው ይወርዱና «የወንድሜን ልጅ ቀብሬ ከለቅሶ ነው የተነሳሁት። አንድ ልጅ ላመጣ ነው» ይላሉ በኦሮምኛ።  ድንጋዩን ራሳቸው ወጣቶቹ ያነሱላቸዋል። አንደኛው ቦታ ላይ አንዱ ልጅ የማን ለቅሶ ነው ብሎ ጠይቆ፣ የዱቤ ሲባል ኮፍያውን አውልቆ እስኪያልፉ ቆሟል። ሆለታ ሲደርሱ አይሱዙው ሞተሩን አስነስቶ ነበር፤ ኤዶም ልጁን ታቅፋ፣ አንድ እግሯ መወጣጫው ላይ ነበር።  

ፀሐይ ስትጠልቅ ከበሩ ውጪ የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ወዲያው ጠፋ። ሕዝቅያስ ለቅሶ ቤት መሆኑን አስቦ ሞተሩን ያጠፋው ውጪ ነው። ወንዶቹ ወጡ። ሸራውን ደግመው ከፍ አደረጉት፤ የቀሩት ከኋላዋ ሆነው መኪናዋን በእጃቸው እየገፉ አስገቧት። የጎማዋ ድምፅ በጠጠሩ ላይ ብቻ ይሰማ ነበር። ኤልቃና በኋላው ወንበር በኤዶም ጭን ላይ ተኝቷል። አንድ እጁ ተንጠልጥሏል፤ ጉንጩ ላይ የደረቀ ብስኩት አለ። ጌታ ሆይ፣ ምን ብዬ ላመስግንህ፤ ልሮጥ ተነሳሁ።

አዴ ጥሩዬ ግን ቀደሙኝ። ከቀብሩ ወዲህ ሰው ሳይደግፋቸው ሲነሱ ያን ጊዜ አየኋቸው። በሩን ከፈቱ፣ ጎንበስ ብለው ልጁን ከኤዶም ጭን አነሱት። ከብዷቸው ተንገዳገዱ፤ ሕዝቅያስ ሊቀበላቸው እጁን ሲዘረጋ ክንዱን ያዝኩት። ወደ ምንጣፋቸው ተመልሰው ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አለበሱት። ልጁ ዓይኑን ግማሽ ከፈተና፣ ማን እንደያዘው ሲያይ፣ እንቅልፉ ሳይለቀው «ቢሻን» አለ። አንዷ ሴት ውሃ አመጣች። ራሱን በመዳፋቸው ደግፈው አጠጡት፤ አፉን በነጠላቸው ጠረጉለት፤ መልሶ ተኛ።

ልጄን ገና አልነካሁትም ነበር። ስንት ቀን የናፈቅኩትን፣ ከሻሸመኔ መንገድ የተመለሰልኝን ልጅ። ክንዴ ያሳክከኝ ነበር። ሴቶቹ ተጠግተው ከአጠገባቸው ቦታ ሰጡኝ፤ ገብቼ ተቀመጥኩ፣ ትከሻዬን ከትከሻቸው ጋር አስነካሁ። ስጡኝ አላልኳቸውም።